ከመጨረሻው የጀመርነው የጃርቶቹ ፊልም

ዛሬ ጠዋት ከገንዳ ውሃ መናኸሪያ እስከ ትምህርት ቤታችን በር ያደረሰኝ ባጃጅ መስታወቱ ላይ አንድ አሮጌ ሲዲ በቀይ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። መንገዱን ታውቂዋለሽ። ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር ሲዲው ይሽከረከርና የጠዋቷን ፀሐይ ዓይኔ ላይ ይረጫታል፤ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ። «ኧረ ይችን ነገር አንሳልኝ፣ ልታሳውረኝ ነው» ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ በኋላ ባጃጁ ውስጥም አልነበርኩ። ያደግሁባት ሽንፋ ነበርኩ፣ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፣ የጄኔሬተር ጭስና የሰሊጥ ገለባ ይሸተኝ ነበር።

አንቺ ደግሞ ባለፈው ሳምንት መምህራን ክፍል ቁጭ ብለን፣ «ሌላው መምህር የታሪክ ትልም ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ ተራራ ይስላል፤ አንቺ ለምንድን ነው የሰሊጥ ማሳ የምትስይው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ስቄ አለፍኩሽ። አዲስ ነሽ፣ ከደጋ ነው የመጣሽው፣ ብትገረሚ አልፈርድብሽም። ዛሬ ግን ልንገርሽ። ጉራ ይበዛበታል፤ እንግዲህ ጉራዬን ቻይው።

ያኔ እኛ ሰፈር ቴሌቪዥንና ጄኔሬተር የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ባለ ሱቁ ሐጂ። ከድንበሩ ማዶ ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይና የፕላስቲክ ጫማ እያመጡ ይሸጣሉ። የሱዳን ዓረብኛ እንደ አማርኛ ያቀላጥፉታል። እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ከሱቃቸው ጎን ባለው ራኩባ፣ ማለት በሰምበሌጥ በተከደነው ዳስ ሥር፣ ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ላይ ያወጡና ዙሪያውን በብርድ ልብስ ይጋርዱታል። ውስጡ ይጨልማል፣ ይሞቃል፣ ሰው ሰው ይሸታል። በብርድ ልብሱ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን አቧራውን ሲያሳይሽ እህል የሚነፋ ይመስላል። እኛ ልጆች ከፊት መሬት ላይ፣ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ከኋላችን ባዶ ጆንያ ላይ፣ የአገሩ ሰው ደግሞ እንደ አባቴ ያለው ከመጨረሻው ምሰሶውን ተደግፎ ይቀመጣል።

ፊልሙ ሁሉ በዓረብኛ ነው የሚመጣው። ሐጂ ቆመው በዱላቸው ስክሪኑን እየጠቆሙ ይተረጉሙልናል። ምን ዓይነት ትርጉም መሰለሽ! ተዋናዩ አንድ ቃል ከተናገረ ሐጂ አምስት ይናገራሉ። ሌባው ሲመጣ ይረግሙታል፣ እናት ስታለቅስ ያጽናኗታል፣ ጎበዙን ደግሞ «ማሻአላህ፣ ይህ ነው ወንድ» ይሉታል። ጎንደር ሄጄ እውነተኛ ሲኒማ ቤት ስገባ የመጀመሪያው ቅሬታዬ «የሚተረጉመው ሰውዬ የታለ?» የሚል ነበር። ሰው ሊስቅብኝ ይችላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሐጂ የተረጎሙት ፊልም ከፊልሙ ይበልጣል ባይ ነኝ።

አንድ እሑድ ያመጡት ፊልም ሰው የሌለበት፣ ሥዕሉ ራሱ የሚሄድና የሚናገር ነበር። የጃርት ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባት ጃርት፣ እናት ጃርት፣ ጆሮዋ የማይሰማ አያት ጃርትና አንዲት ትንሽ ልጅ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎጃሜ አጫጅ ይህን ሲያይ፣ «ጃርት? እኛ አገር ጃርት ድንች ሲሰርቅ ነው እሚታወቅ። እሱን ደግሞ በፊልም ላየው ነው?» አለና ሁሉም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን ያ ሰውዬ ድምፁ ጠፋ። ዘወር ብዬ ሳየው አፉን ከፍቶ አገጩን በሁለት እጁ ይዟል።

ፊልሙ ሁለት ሲዲ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በጋዜጣ ጠቅልሎ ስላመጣው የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ እንደሆነ ምልክት የለውም። ሐጂ ከላይ ያገኙትን አስገቡ። እንደ ልማዳቸውም መጀመሪያ የሚመጣውን ነገር በሪሞት ዘለሉት።

የጀመረው ትንሿ ጃርት ብቻዋን አሸዋ ላይ ስትሄድ ነው። አንገቷ ላይ ትንሽ ከረጢት አለ። አንድ አንካሳ ኤሊ አገኘች፤ እሱ መንገድ እየመራት እናቷንና አያቷን አገኘች፤ ከዚያ አዳኞች መኪና ላይ በሽቦ ሳጥን ውስጥ የታሰረ አባቷን በዘዴ አስፈቱት። እየሸሹ፣ እየወደቁ እየተነሡ አንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ደረሱ። አያትየዋ ከከረጢቱ ውስጥ ዘር አወጣች፤ ልጅቱ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ዘሩት፤ በቀለ፤ ዛፍ ሆነ። ሥሩ ጨፈሩ። ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ የጽሑፍ ዝርዝር ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ሐጂ ዝርዝሩን አዩት፣ እኛን አዩን፣ «ዕረፍት ነው» አሉ። ዕረፍት ያለው ፊልም! እንዴት እንደኮራን አልነግርሽም። ከርከዴ ተገዛ፣ ተጠጣ፣ ተመልሰን ገባን።

ሁለተኛው ሲዲ ተከተለ። ጃርቶቹ አንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ውሃ የለም፣ ርሃብ ነው። ሐጂ ምንም አልተደናገጡ፤ «ዓመት አለፈ፤ ያ ሐይቅ ደረቀ፤ ወደ ድህነታቸው ተመለሱ» ብለው ቀጥ አድርገው ሰፉት። አያት ጃርት ለልጅቱ የዘር ከረጢት አንገቷ ላይ አሰረችላት። ስደት ተነሡ። አባትና እናት መንገድ ላይ ተጣሉ። በመጨረሻ ትልቅ የአቧራ ማዕበል መጣ፤ አባትን ወሰደው፣ እናትና አያትን ለየ፣ ትንሿ ጃርት ብቻዋን አሸዋ ላይ ቀረች። ስክሪኑ ጠፋ። ሐጂ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና፣ «አለቀ። ዱንያ እንዲህ ናት» አሉ።

ከዳሱ የወጣነው ከለቅሶ ቤት እንደወጣ ሰው ነው። ጎጃሜው ጆንያውን አራግፎ፣ «ታዲያ መጀመሪያውን ምን አስለፋቸው?» አለ፤ ተቆጥቶ ነው። ልጁን ለእናቱ ትቶ ከወረደ ወራት እንደሆነው በኋላ ነው የሰማሁት። ከእንግዲህ ሐጂ ቤት ፊልም አላይም ብሎም ማለ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው የእኔ ጉዳይ የሚመጣው። የአማርኛ መምህራችን ከጎንደር ከተማ የመጣ ወጣት ነበር። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ቆላውን እንደ ቅጣት ነበር የሚያየው። ሙቀቱን ይረግማል፣ ዝንቡን ይረግማል፣ ሲናደድ ደግሞ «እናንተ ጆንያ መሸከም እንጂ መጽሐፍ መያዝ መች ታውቃላችሁ» ይለናል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ተራራ ሣለ። ከእግሩ ሥር መነሻ ብሎ ጻፈ፣ ዳገቱ ላይ ግጭት፣ ጫፉ ላይ ጡዘት፣ ቁልቁለቱ ላይ ልቀት። «የምታውቁትን አንድ ታሪክ ምረጡና ትልሙን ተንትኑ» አለን። ከሁሉ የበለጠውን የጻፈ ልጅ ደግሞ በወላጆች ቀን በሕዝብ ፊት ያነባል።

ይህን ስሰማ ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ አባቴን ነው ያሰብኩት። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ስመዘገብ ይዛኝ የሄደችው እናቴ ናት። ከማሳ ሲመለስ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ነው መንገዱ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ኮፍያውን አውልቆ ያልፋል እንጂ አንድ ቀን እንኳ ገብቶ አያውቅም። «እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ነው የሚለው። በዚያ በር በእኔ ምክንያት እንዲገባ ፈለግሁ። ልጁ ስታነብ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ፈለግሁ። ያን ጊዜ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ሙሉ ልቦለድ አንብቤ አላውቅም፤ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የጃርቶቹን ፊልም መረጥኩ። ተራራውን ሣልኩና ታሪኩን ልጭንበት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ደስታው መነሻው ላይ መጣ፤ ጡዘት ያልኩት ማዕበል ደግሞ መጨረሻው ላይ ተሰቅሎ ቀረ፣ ከሱ ወዲያ ምንም የለም። ኤሊው ማን እንደሆነ፣ አባትየው ለምን እንደታሰረ የሚያስረዳ የለም። ለመምህሩ ወስጄ አሳየሁት። ቆሞ አነበበው። «ይህ ታሪክ ተገልብጧል። ወይ ፊልሙ ብልሹ ነው፣ ወይ አንቺ አልገባሽም። የሕፃን ካርቱን ተይና ሌላ ምረጪ» አለኝ። የቀሩኝ ሦስት ቀናት ነበሩ፤ አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ።

ቅዳሜ ለአባቴ ውሃ ይዤ ማሳ ወረድኩ። ወሩ የአጨዳ ወር ነው። አንቺ ሰሊጥ ሲሰበሰብ ስላላየሽ ላስረዳሽ። ሰሊጥ እስኪደርቅ አይጠበቅም። ፍሬው አፉን ሳይከፍት፣ ገና ቢጫ ሲል ነው የሚታጨደው፤ አንድ ሁለት ቀን ከዘገየሽ ፍሬው ይፈነዳና ዓመት የለፋሽበት መሬት ላይ ይረግፋል፣ መልሰሽ አትለቅሚው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ማጭድ መያዝ የሚችል ሁሉ እዚያ ነው። የታጨደው በነዶ በነዶ ይታሰርና እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያንን ሂላ እንለዋለን። ሂላው በፀሐይ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ነው ነዶው ተገልብጦ ሸራ ላይ የሚራገፈው። ያን ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮ ላይ እንደሚንጠባጠበው ነው። ዛሬም ያን ድምፅ ስሰማ ሥራዬን አቋርጣለሁ።

አባቴ ከሂላው ጥላ ሥር ሆኖ ነዶ ያስር ነበር። እጁ በሰሊጥ ሙጫ ጠቁሯል። ውሃውን ጠጣና አየኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን ያጠቆርሽው?»

ነገርኩት። ተራራውን በጭራሮ መሬት ላይ ሣልኩለት፣ መምህሩ ያለውን ነገርኩት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አለቀስኩ፤ በንዴት። እሱ ነዶውን አልተወም፣ እያሰረ ነው የሚሰማኝ።

«ዘሩስ?» አለኝ።

«የቱ ዘር?»

«አሮጊቷ ጃርት የያዘችው። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ዘሩት፣ በቀለ። ከዕረፍቱ በኋላ ደግሞ ዘሩ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ልጅቱ አንገት ላይ ሲታሰር አየን። እኔ ይህን ያህል ዓመት ዘርቻለሁ፤ የተዘራ ዘር ተመልሶ ከረጢት ሲገባ አይቼ አላውቅም። ሐጂ የኋላውን ከፊት አድርገውታል።»

በጭንቅላቴ ሁለቱን ሲዲ አቀያየርኳቸው። ድርቁ፣ ስደቱ፣ ማዕበሉ፤ ከዚያ አሸዋው፣ ኤሊው፣ ሐይቁ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ።

«አባየ፣ ይህን ያኔ ካወቅህ ለምን አልተናገርህም?»

«ሐጂን በሰው ፊት ላሳፍር? ደግሞ እኔ ስለ ፊልም ምን አውቃለሁ። ምናልባት የነሱ አገር ጃርት እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነው።»

ከዚያ እኔ የሣልኩትን ተራራ በእግሩ አጠፋው። «እዚህ አገር ተራራ የታለ?» አለና በዚያው ጭራሮ ሌላ ነገር ሣለ። መጀመሪያ ዘር ትዘሪያለሽ፤ ይህ መነሻው ነው። ከዚያ አረሙ ይመጣል፣ ዝናቡ ይዘገያል፣ ተባዩ ይመጣል፤ ጠብ ነው። ከዚያ የአጨዳው ሳምንት ይመጣል። «አሁን ያለንበት ማለት ነው። አንድ ቀን ብትዘገዪ ሁሉም የሚረግፍበት። ያ የልጅቱ ማዕበል እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ልቡ የሚንጠለጠል እዚህ ነው።» ቀጥሎ ሂላው ይቆማል፣ ታሪኩም ቆሞ ይደርቃል፣ ትጠብቂያለሽ። መጨረሻ ላይ ይራገፋል። «ይኸው ነው። ሳይታጨድ የሚራገፍ የለም።»

ይህ ሰው «ሀ» ብለሽ ብትጽፊለት ለይቶ አያነብም። መምህሬ አራት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ ያላየውን እሱ ምሰሶ ተደግፎ ዝም ብሎ አየው። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔም ኮሌጅ ገብቼ ስለ ትልም ስንት ነገር አጥንቻለሁ፤ ከዚያች ከጭራሮ ሥዕል የበለጠ እስካሁን አላገኘሁም።

በሩጫ ሐጂ ሱቅ ደረስኩ። ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐጂ ተሳሳቱ ልትይኝ ነው? እኔ በዓረብኛው የሰማሁትን?» አሉኝ። «ሐጂ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ ያመጣው ሾፌር ነው ያቀያየረው። እባክዎን ነገ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት» አልኳቸው። ጥፋቱን ሾፌሩ ላይ ማድረጌ ጠቀመኝ። «እሱስ ድሮም ዝርክርክ ነው» አሉና እሺ አሉኝ።

እሑድ ራኩባው ሞልቶ ፈሰሰ። ወሬው ተሰምቷል። የማለው ጎጃሜ እንኳ መሐላውን ትቶ መጥቷል፤ «ሲዲው ሌላ ነው አሉኝ ብዬ ነው» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ሐጂ ሲዲዎቹን አቀያይረው አስገቡ፤ መጀመሪያ የሚመጣውንም በሪሞት አልዘለሉትም። ያን ቀን ሐጂ ብዙ አልጨመሩም። ማዕበሉ መጣ፣ አባት ተወሰደ፣ ትንሿ ጃርት ብቻዋን ቀረች፤ ግን አሁን አላለቀም። ሁለተኛው ሲዲ ሲጀምር አሸዋው ላይ ስትነሣ ከኋላዬ «ተነሣች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኤሊው መጣ። የሽቦው ሳጥን ተከፈተ። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አያትየዋ ከረጢቱን ስትፈታ ከኋላ ያሉት ለማየት ተነሥተው ቆሙ። ጎጃሜው ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። በነጋታው ለአሠሪው ነግሮ ወደ አገሩ የሚሄድ ሰው ፈልጎ ለልጁ ጫማ ልኳል፤ እኔ ራሴ ነኝ ከሐጂ ሱቅ ቁጥሩን የመረጥኩለት።

ፊልሙ ሲያልቅ ሐጂ ዞር አሉ። «እንግዲህ እኔ በአንድ ፊልም ሁለት ፊልም አሳየኋችሁ» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ «ግን ይህን ማን ነው ያወቀው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ ከምሰሶው ሥር በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷ ናት» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የመሰለኝ።

ጽሑፉን በዚያው ምሽት ጨረስኩ። መምህሩ ሰኞ አነበበው፤ ቁጭ ብሎ አነበበው፤ ሁለቴ አነበበው። «በወላጆች ቀን የምታነቢው አንቺ ነሽ» አለኝ።

በዕለቱ አባቴ በበሩ ገባ። የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ እናቴን ከፊት አስቀድሞ። አፈሩን እንዳይረግጠው የፈራ ይመስል እግሩን እያነሣ ነበር የሚሄደው። ወደ ፊት ኑ ቢባል እምቢ ብሎ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሜዳው በሰው ሞልቶ ነበር፤ ነጋዴው፣ ገበሬው፣ የቢሮ ሰዎችም ነበሩ። ወጥቼ አነበብኩ። የጃርቶቹን ታሪክ አንድ በአንድ፣ ከዘሩ እስከ መራገፉ። ገበሬው ራሱን ይነቀንቃል። «ሂላው ቆሞ ይደርቃል፤ ታሪኩም እንደዚሁ» ያልኩበት ቦታ ላይ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው» ሲሉ ሰማሁ። እንደዚያ ቀን ቁመቴ ረዝሞ አያውቅም።

ስጨርስ መምህሬ በድምፅ ማጉያው፣ «እኔ ይህን ትምህርት በተራራ ነው ያስተማርኩት። በሰሊጥ መተንተኑን ማን አስተማረሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አባቴን አየሁት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

«ራሴ ነኝ» አልኩ።

ለምን አልሽ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ መልሱ አያምርም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነው የነገረኝ ብል ሥራዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሚያንስ መሰለኝ። በአባቴ አፈርኩ። እዚያ በር ውስጥ እንዲገባ የተመኘሁት እኔ፣ በገባበት ቀን አፈርኩበት። መምህሩ እጄን ጨበጠኝና «ከእንግዲህ የቆላ ልጅ መጽሐፍ አያውቅም አልልም» አለ። ቃሉንም ጠበቀ። ሕዝቡ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፣ እንዳልዋሽሽ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያቆማል። «ሰማችሁ? ራሷ ናት ያወቀችው። ማንም አልነገራት» ይላል። ቤት ደርሰን እናቴ እሳቱን እያቀጣጠለች፣ «አንተ አልነበርህ እንዴ ስለ ዘሩ የነገርኻት?» አለችው። «ዝም በይ እስቲ» አላት፤ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው። «እኔ ምን አውቅና። እሷ ናት።» ወደ እኔ አላየም። ቅር ብሎት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቅር አላለውም።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ሄድኩ፣ ተማርኩ፣ መምህርት ሆንኩ። አባቴ ታሪኩን ለዓመታት ሲያወራው ኖረ፤ በገበያ፣ በለቅሶ፣ ገለጉ ድረስ ሄዶ በዘመድ ሠርግ ላይ። እያወራው በሄደ ቁጥር እኔ እየጎበዝኩ ሄድኩ። ስሰማው ይቆረቁረኛል፣ «ኋላ እነግራቸዋለሁ» እላለሁ፣ ሰዉ ሲያመሰግነኝ ደግሞ እቀበላለሁ። እናቴ ዐረፈች። ሐጂ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ማዶ ገቡ። ዐምና አባቴ ማሳውን ለወንድሜ አስረክቦ እኔ ጋ ገንዳ ውሃ መጣ።

አሁን ዘንድሮ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ይህን ነገር ልጨርሰው ቆረጥኩ። የትልም ትምህርት የሚሰጥበት ቀን አባቴን ይዤው ክፍል ገባሁ። በዱላው ተደግፎ፣ ኮቱን ለብሶ። ሰሌዳው ላይ ማሳውን ሣልኩና ለተማሪዎቼ፣ «ይህን ለእኔ ያስተማረኝ ሰው ይኸው። በሕይወቴ ያገኘሁት የመጀመሪያው የሥነ ጽሑፍ መምህር አባቴ ነው» አልኳቸው። ይህን በሰው ፊት ለማለት ስንት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወንበር ሰጠሁትና «አባየ፣ የጃርቶቹን ታሪክ ንገራቸው» አልኩት።

ነገራቸው። ድርቁን፣ ከረጢቱን፣ ማዕበሉን፣ ኤሊውን፣ ሐይቁን፤ አንድ ነገር ሳያዛንፍ። የተገለበጠበትንም ነገራቸው፤ ስለ ሐጂ ዕረፍት ሲያወራ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ታዲያ ይህን ያወቀች እሷ ናት። የተዘራ ዘር ወደ ከረጢት አይመለስም ብላ። አሥረኛ ክፍል ሳለች» አላቸው።

«አባየ፣ አንተ ነህ እኮ የነገርኸኝ» አልኩት። «ሂላው ሥር። ነዶ እያሰርህ። ተራራውን በእግርህ አጥፍተህ።»

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። የሚያስታውስ መሰለኝ።

«አዎ፣ ሂላው ሥር ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ውሃ ይዘሽልኝ መጣሽና ነገርሽኝ። ይህች ልጅ ይህን ከየት አመጣችው ብዬ እጄ ላይ ያለው ነዶ ወደቀ።»

እየዋሸልኝ አልነበረም። አባቴ ሲዋሽልኝ አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ መሬት ያያል። አሁን ግን የሚያየው እኔን ነበር። ደጋግሞ ሲያወራው ኖሮ አምኖታል። እናቴ የለችም። ያን ቀን እዚያ ሂላ ሥር የሆነውን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

«አይደለም፣ አባየ» አልኩት እንደገና።

«እሷ እንዲህ ናት፤ ጉራ አትወድም» አላቸው ለልጆቹ።

ተማሪዎቹ ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። እሱም ዱላውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ አጨበጨበ፤ ልጆቹ ተቀምጠው ካበቁ በኋላም ብቻውን ያጨበጭብ ነበር።